ናፍጣ ናፍጣ የሚል ዱቄት

በጃንሆይ ዘመን ሰቆጣ ውስጥ አልጣሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። አንዲት ልጇን ራቅ ላለው ለኒሯቅ አገር ሰው ድራ ብቻዋን ቀርታለች። ብቻነቷ ግን ብዙም አይታወቃትም ነበር። ጓዳዋ ውስጥ ጎን ለጎን የተተከሉ ሁለት የድንጋይ ወፍጮዎች ነበሯት፤ በአንዱ እሷ፣ በሌላው ጎረቤቷ ወለተ ሰንበት ይፈጩ ነበር። መጁን እየገፉ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱት ወሬ ነበራቸው። የማን ሚስት አኮረፈች፣ የማን በሬ ገደል ገባ፣ ሁሉም ከማሽላው ጋር እዚያ ይደቅቃል።

ታዲያ ይግዛው የሚባል ነጋዴ የሞተር ወፍጮ በጭነት መኪና አስመጥቶ ከገበያው በታች ተከለ። ወለተ ሰንበት አንድ ጊዜ ሄዳ አስፈጨችና ዱቄቱን ይዛ መጣች።

«እዪው፣ እንዴት እንደላመ! ትከሻዬ እኮ አልቋል፣ አልጣሽ። እዚያ ወሬሽን ሳትጨርሺ ዱቄትሽ ይወርዳል።»

«ወሬዬን ሳልጨርስማ ምን ዱቄት ነው? ደግሞ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ብረት የፈጨው እህል በረከት የለውም።»

«የሚታጨደውስ በብረት አይደል?»

አልጣሽ መጁን ጨብጣ መፍጨቷን ቀጠለች። ነገሩ እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደዳት።

ወለተ ሰንበት ከዚያ በኋላ መጁን አልነካችውም። ያም ሆኖ እየመጣች ትቀመጥ ነበር። ነገሩ የተበላሸው የማርያም ማኅበር ተራ ለወለተ ሰንበት በደረሰ ዕለት ነው። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ድፎውን ባርከው ቆረሱ። ቁራሹ አልጣሽ ዘንድ ሲደርስ አሸተተችውና ወደሚቀጥለው ሰው አሳለፈችው።

«ይቅርብኝ፤ ናፍጣ ይሸታል።»

«ተባርኳል እኮ፣ ልጄ» አሉ ቄሱ።

«ቡራኬው ናፍጣውን አያወጣውም፣ አባ።»

ወለተ ሰንበት የጠላ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። በማግስቱ ወለተ ሰንበት በአልጣሽ ጓዳ ትታው የነበረውን ወንፊት በሰው አስወሰደች፤ ራሷ አልመጣችም።

ክረምቱ ገባ። አልጣሽ ብቻዋን ትፈጫለች። አንዳንዴ አንድ ነገር ትናገርና መልሱን ለመስማት መጁን ታቆማለች። ከዝናቡ በቀር የሚመልስላት የለም። ሄዳ ይቅርታ ልትጠይቅ ብዙ ጊዜ ነጠላዋን ደርባ ከደጃፏ ተመልሳለች። ምን ብላ ትጀምር? ዱቄቱ ጥሩ ነው ልትል ነው? ጥሩ አይመስላትም። ሰውን በዱቄት መለወጧ ግን ያንገበግባታል።

ጥቅምት ሲጠባ አንድ ቀን ገብሷን በስልቻ ሞልታ ወደ ሞተሩ ወረደች። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቅንድባቸው ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ይሳሳቃሉ። ወለተ ሰንበት መካከላቸው ናት። አልጣሽ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠችና በኽምጣኛ እንዴት ከረምሽ አለቻት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት?» ብላ ወለተ ሰንበት በአማርኛ መለሰችላት።

በዕድሜ እኩያ ናቸው። አብረው ውኃ የቀዱ፣ አብረው የተዳሩ ናቸው። አልጣሽ ስድብ ጠብቃ ነበር የመጣችው፤ እንዲህ ያለ አክብሮት ግን አልጠበቀችም።

«ወለተ ሰንበት፣ ይቅር በይኝ። አፌ ነው ያጠፋው» አለች።

ሞተሩ ያን ጊዜ ተነሥቶ ጩኸቱ ግቢውን ሞላው።

«ምን አሉ?» ብላ ወለተ ሰንበት ጮኸች።

አልጣሽ ዙሪያዋን አየች። ያን ቃል በሴቱ ሁሉ ፊት በጩኸት መድገም አቃታት።

«ብርዱ! ብርዱ በረታ ነው ያልሁ!»

«አዎ፣ በርትቷል!»

ተራዋ ደርሶ ዱቄቱ ሲወርድ ወለተ ሰንበት ተነሥታ ስልቻውን በጀርባዋ አሸከመቻት። «ይጠንቀቁ፣ ትኩስ ነው» አለቻትና ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

አልጣሽ ቤቷ ገብታ ቂጣ ጋገረች። ቆርሳ አሸተተችው። ናፍጣ ይበል አይበል መለየት አልቻለችም፤ እስኪያልቅ በላችው።

በሳምንቱ ዱቄቱ ገና ሳይጎድል ሌላ ስልቻ ሞልታ ወረደች። ወለተ ሰንበት ስልቻውን ቀና ብላ አየችው።

«ያ ሁሉ አለቀ?»

«አለቀ።»

ከዚያ ይግዛው የወለተ ሰንበትን ስም ጠራና እሷ እህሏን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች። አልጣሽ ተራዋን ለኋለኞቹ እየለቀቀች፣ የሴቶቹን ወሬ እየሰማች፣ የመጨረሻዋ ሴት ተሸክማ እስክትወጣ ድረስ እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀመጠች።