ያልተሞረደው ብየዳ

እኔ በያጅ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ከብረት ሳጋጥም ኖሬአለሁ፤ ስለ ብየዳ ሊያስተምረኝ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ቆጥሮ ይጨርስ።

የወርክሾፑ ባለቤት ግን መቁጠር አይወድም። ፊቱ ላይ አንቱ እንለዋለን፣ በሌለበት «ጋሽ ቀለም» ነው። ብረት ቢዝግ ቀለም፣ ቢሰነጠቅ ቀለም፤ ሠራተኛ ቢያኮርፍም የሚቀባው ይመስለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማማር ይወዳል።

ወርክሾፑ አሁን የሚሠራውን ብስክሌት ንድፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስድስት ወር ሙሉ ወለሉ ላይ በጠመኔ ስዬ፣ አጥፍቼ፣ እንደገና ስዬ። ለእሽቅድድም አይደለም፤ ሥራ ለሚሄድ ሰው ነው። ቀሚስ የለበሰች ሴት ሳትቸገር እንድትወጣበት የላይኛውን ቱቦ ዝቅ አደረግኩት። የኋላ ዕቃ መጫኛው ከአካሉ ጋር አብሮ የተበየደ ነው፣ ሃምሳ ኪሎ ይችላል። ብሎኑ በሙሉ በአንድ ቁልፍ ይፈታል። ብረቱም ተራ ብረት ስለሆነ ዋጋውን ደመወዝተኛ ይደፍረዋል፤ ቢበላሽ ደግሞ መንገድ ዳር ያለ በያጅ ሁሉ ይጠግነዋል።

አንድ ነጋዴ ሁለት መቶ ብስክሌት ሊያዝዝ ይመጣል ተባለ። ጋሽ ቀለም ለነጋዴው ለናሙና የሚቀርቡትን ሦስት ብስክሌቶች ዞሮ ዞሮ አያቸውና መሪው ሥር ያለውን ብየዳ በጣቱ ነካ።

«ይሄ ምንድን ነው? ኪንታሮት ይመስላል! ሞርደሽ ከቱቦው ጋር እኩል አድርጊው። ቀለም ሲያርፍበት የፋብሪካ ይመስላል።»

«ጋሼ፣ የያዘው እኮ እሱ እብጠቱ ነው። ቱቦው ስስ ነው፤ ከተሞረደ ምን ይቀረዋል?»

«አስቀያሚ ዕቃ ማን ይገዛል?»

«መሪው እጇ ላይ ተነቅሎ የቀረባት ሴትስ ቁንጅናውን ምን ታድርገው?»

«እምቢ ካልሽ ሌላ ሰው ይሞርደዋል።»

«ይሞርደዋ! እኔን ግን ምን ቆርጦኝ!»

ራሱ ሞረደው። ሦስቱንም አለሳልሶ ሰማያዊ ቀባቸው። ደሜ ፈላ። የሥራ ልብሴን ወርውሬለት መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። እኔ ብሄድ ሁለት መቶው እንደዚያ ተልጦ ይወጣል። እኔ ባወጣሁት ቅርጽ ሰው ሲወድቅ እጄ አለበት ማለት ነው። ያንገበገበኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ነጋዴው መጣና ብስክሌቶቹን ዳበሳቸው። «ግሩም ነው! ብየዳው የት እንዳለ እንኳ አይታይም።»

«ከሌለ በምን ይታያል?» አልኩት።

ጋሽ ቀለም አፈጠጠብኝ። «እሷን ተዋት፣ ነገረኛ ናት።»

«አዎ፣ ነገረኛ ነኝ! ሦስቱም መሪው ሥር ይሰበራሉ። ዛሬ አይደለም፤ ጥቂት ወር ጭነት ተሸክመው ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲነዱ።»

«ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ሥራ የለሽም!» ብሎ ጮኸ።

«ይሁን። ግን ተናግሬ ሳልጨርስ ወይ ፍንክች!»

በዚህ መሃል የግቢው በር ተከፈተና የጋሽ ቀለም ልጅ ገባች። አስተማሪ ናት፤ አባቷ ስልኩን ቤት ረስቶ ስለወጣ ልታቀብለው ነው የመጣችው። ረጅም ቀሚሷን እንደለበሰች ከብስክሌቷ ወረደች። ብስክሌቱን ሳይ ክው አልኩ። መጀመሪያ የሠራሁት! ጋሽ ቀለም «አስቀያሚ ነው፣ ለቁርጥራጭ ብረት ሸጥኩት» ያለኝ! ቀለም ተቀብቷል፣ ሞረድ ግን አልነካውም፤ ብየዳዬ እንዳበጠ አለ።

ነጋዴው ሞኝ አይደለም። ያንንም ሦስቱንም አየ። «እህቴ፣ ያንቺ ለምን እንደነዚህ አልለሰለሰም?»

«እኔማ ለምኜው ነበር» አለች እየሳቀች። «አባዬ ‹ከተሞረደ ተሰብሮ ይጥልሻል› ብሎ እምቢ አለኝ።»

ልሳደብ አፌን ከፈትኩ፣ ስድብ ጠፋኝ፤ እኔ፣ ስድብ ጠፍቷት የማታውቅ ሴትዮ! የማያውቅ ሰው የማስተምር መስሎኝ ስጮህ ከርሜ፣ ለካ ከኔ እኩል ያውቃል።

ልጅቷ ቀስ በቀስ ገባት። ሳቋ ጠፋ። «እነዚህንስ ለማን ነው የሠራኻቸው፣ አባዬ?»



የብረት መቁረጫውን ግራይንደር ሰካሁ። አንዱን ሰማያዊ ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ መሪው ሥር ለሁለት ቆረጥኩት። ማንም «ተይ» አላለኝም። ሁለተኛውንም ደገምኩ። ሦስተኛውን ላነሳ ዞር ስል ጋሽ ቀለም ቀድሞኝ አንስቶታል። ጠረጴዛው ላይ አጋደመና፣ ልጁን ቀና ብሎ ሳያይ፣ በሁለት እጁ ያዘልኝ።

«ጠበቅ አድርገው ይያዙ» አልኩት።