የማሸጊያ ክፍሉ በርሜል

እና ሳሙና አቋም ሊኖረው አይገባም የሚሉኝ ሰዎች ሳሙናን አያውቁትም፣ ሳሙና ከተፈጠረ ጀምሮ በቆሻሻ ላይ የጠራ አቋም አለው፣ ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው ይህን ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ፎቶውን አንስቶ ያወጣው ሰው፣ ስም ከነክፍሉ። አሁን ዘጠኝ ተኩል ነው። ስሙን አውቀዋለሁ።

አውቀዋለሁ፣ ቅጹ ግን አያውቀውም፣ እዚህ ላይ ነው ያለሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ማዘጋጃ ቤቱ የታች ሰፈርን ውሃ ዘግቶ ለላይ ሰፈር ለቀቀው፣ የታች ሰፈር ሰው ጀሪካኑን ይዞ አደባባይ ወጣ፣ እኛም፣ ማለትም መላው የማስታወቂያ ክፍል፣ እኔና ሲያስነጥሰው የሚውለው ሠዓሊ፣ ተሰብስበን ኅሊናችንን መረመርን፣ ምርመራው እስከ ሻይ ሰዓት አለቀ፣ ከተበደለው ወገን ጋር ለመቆም ሁለት ለዜሮ በሆነ ድምፅ ወሰንን። ውሃ የሁሉም ነው። ፖስተሩ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ሳሙናችን፣ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ሐዘን እንደገባው ሰው፣ ማዘንበሉ የሠዓሊው ሐሳብ ነው፣ የሰው ሐሳብ አልሰርቅም።

የታች ሰፈር አጨበጨበ። የላይ ሰፈር ሁለተኛ አንገዛም አለ፣ ከዚያ መግዛት ጀመረ፣ በካርቶን እየገዛ ቦይ ውስጥ ሲጥል በቪዲዮ ሊቀረጽ፣ ቦዩ እንደዚያ ሳምንት ጸድቶ አያውቅም፣ እኔም በስብሰባ ላይ ሽያጫችን ጨምሯል አልኩ፣ አልዋሸሁም፣ ጨምሯል።

ከዚያ ፎቶው።

ሰማያዊ የውሃ በርሜል፣ ክዳኑ ላይ ጓጉንቸር፣ ከበላዩ ግድግዳው ላይ የእኔ ፖስተር፣ ውሃ የሁሉም ነው። የማሸጊያ ክፍላችን ነው። አሥራ አራት ሴቶች ገና ያልደረቀ ሳሙና በባዶ እጃቸው ሲጠቀልሉ ይውላሉ፣ ቆዳቸው ይላጣል፣ በርሜሉ በቀን ሁለቴ ይከፈታል፣ ቁልፉ ተቆጣጣሪው አንገት ላይ ነው። ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ እጅ መታጠቢያ የለም፣ እዚህ ላይ ማንም ሊስቅ ይችላል፣ እኔ አልሳቅኩም፣ ፖስተሩ ጠምሞ የተሰቀለ መሆኑን ነበር ያየሁት።

አሁን የታች ሰፈርም ተነሳ፣ በጥማችን ነገዱብን አለ፣ ልክ ነው። ለአሥር ዓመት በምንም ነገር ያልተስማሙ ሁለት ሰፈሮች በአንድ ቀን ተስማሙ፣ በእኛ ላይ፣ ይህን በሪፖርቱ እንደ በጎ ውጤት ላስገባው አስቤ ነበር። ትናንት የሰፈሬ ባለሱቅ መንገድ ላይ አስቆመኝ፣ ወንድሜ ያንን ፖለቲከኛ ሳሙናህን ና ውሰድልኝ፣ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ደንበኛ እያጣላብኝ ነው፣ አለኝ፣ ሌላ ጊዜ በዱቤ የሚሰጠኝ ሰው።

በፎቶው ግራ ጥግ አውራ ጣት ገብታለች። ስልኩን የያዘው እጅ ጣት። አጎላዋለሁ፣ መልሼ አሳንሰዋለሁ፣ ጥፍሯ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ጫፏ ወደ ውስጥ የዞረ፣ የታላቅ እህቴ ናት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ በር የዘጋሁባት፣ ያኔ ለእናታችን ራሴ ነኝ የዘጋሁት ብላ ዋሸችልኝ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚያ ክፍል ደመወዝ ነው። እኔንም እዚህ ያስገባችኝ እሷ ናት፣ ወንድሜ ቃል ያውቃል ብላ።

ቅድም ደወልኩላት። ማሽኑ ከኋላዋ ይጮሃል። እትዬ፣ ፎቶው ላይ ጣትሽ ገብታለች። አውቃለሁ አለች። ሳታዪ ነው አይደል። ሆን ብዬ ነው፣ ሊቁ እንዲያውቀው፣ አለች፣ ሊቁ የምትለው እኔን ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ራት ላይ የበርሜሉን ነገር ሳወራልህ ምን ነበር የምትለኝ? አለች።

ጨው አቀብዪኝ ነበር የምላት።

እና አሁን ምን ልጻፍ አልኳት። የሚሉህን ነዋ፣ ሥራህ አይደል፣ አለች፣ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር፣ በል ቁልፉ መጣ፣ እጄን ልታጠብ፣ አለች። ዘጋችው።

ጣቷን ከፎቶው ቆርጬ አወጣሁ፣ ጥሩ አድርጌ፣ እንኳን እሷ ጥላዋም አይታይም፣ ግን ከተማው ሁሉ ከነጣቷ ይዞታል። የሥራ መልቀቂያ ጀመርኩ፣ ሲያምር ጊዜ ተጠራጠርኩት። አላውቅም ብዬ ልጻፍ ይሆን፣ አላውቅም ካልኩ ነገ ሁሉንም በተራ እያቆሙ እጃቸውን ያያሉ።

ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ። ኮሪደሩ ላይ የሥራ አስኪያጁ ጫማ ተሰማ።

ስም በሚለው ላይ የራሴን። ክፍል፣ ማስታወቂያ።

ቆሞ አነበበ፣ መነጽሩን አወለቀ። ትቀልዳለህ እንዴ? የለም ጌታዬ፣ ስለ ፋብሪካው የሚወጣ ሥዕል ሁሉ የክፍላችን ኃላፊነት ነው፣ ደንቡን የፈረሙት እርስዎ ነዎት። እንዳላመነኝ አይቻለሁ። ደስ እንዳለውም አይቻለሁ፣ አንድ ሰው ማባረር ይቀላል፣ ጋዜጣ ላይም ያምራል። በል እንግዲህ፣ የይቅርታው መግለጫ ላይ ጥፋተኛው መሰናበቱን ጨምርበትና ሂድ፣ አለ፣ ሌላ የሚጽፍ የለንም።

እጽፋለሁ። ጥፋተኛው ተሰናብቷል። አጭር ነው፣ ካለፈው ይሻላል፣ ማንም ቦይ ውስጥ አይጥለውም። ከሥሩ ሌላ እጨምራለሁ፣ የማሸጊያ ክፍሉ በርሜልም ተከፍቷል፣ ቧንቧም ገብቷል። ትከሻዬ ላይ ሆኖ ያነባል። መቼ ተከፈተ? አልተከፈተም ጌታዬ። መቼ ነው ቧንቧ የገባው? አልገባም ጌታዬ፣ ነገ ጠዋት ግን ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ክፍል ደግሞ ፎቶ የሚያነሳ አሥራ አራት ስልክ አለ።

እስክሪብቶዬን ከእጄ ወስዶ ያንን መስመር ሊሰርዝ ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ፣ እኔ ወረቀቱን አላየሁም፣ ፊቱን ነው የማየው፣ አሥራ አራቱን ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሳይሰርዘው ፈረመ። ወርዶ ከደረጃው በታች ተቆጣጣሪውን ሲጠራ ይሰማኛል፣ ቁልፉን፣ ይላል፣ ቁልፉን አምጣው።

አራት ነጥቡን አደርጋለሁ።