የመጀመሪያው ኩሬ ውሃ

ፈንታው ዶማውን የመጀመሪያው ኩሬ ግድብ ላይ ሲያነሳ፣ የኩሬዎቹ ጠባቂ ይሄነው ሽመሉን ይዞ ደረሰ። ፈንታው የይሄነው እህት የብርሀንነሽ ባል ነው። የመስኖ ተራው ዛሬ ነው፤ ተራው ያለፈው ሰው ዙሩ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ ካሮቱ ግን አይጠብቅለትም።

ከመካነ ሰላም ከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተላለፈ ይቆያል። ሲረጋ የትል እንቁላሉ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ለመስኖ የሚለቀቀው የመጨረሻው ኩሬ ውሃ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ገና አልሞላም። ፈንታው ድሮም ያንን ቀጭን ውሃ ይንቀዋል። የመጀመሪያው ኩሬ ጥቁር ውሃ ፍግ ነው ባይ ነው፤ ፍግ መሬት ሲያለማ እንጂ ሰው ሲገድል አላየም። እንዲህ ያለ ሞኝ እህትህን ሲያገባ ምን ይደረጋል።

"ዶማውን አስቀምጥ፣ ፈንታው። ልጅህ ሀይማኖት አንጀቷ በትል ተቋጥሮ ደሴ ወስደን ሆዷን ያስቀደድነው አምና ነው። ይሄ ውሃ የሚጠጣውን ካሮት ነው ከመሬት እየነቀለች የምትበላው።"

"ልጄን ረሃብ ሲገድላት አንተ ከነኩሬህ ትቀብራታለህ። ዞር በል፤ ወላሂ አንተኑ ነው የምቆፍርህ።"

ዶማው ወረደ። ግድቡ ተናደ፤ ጥቁሩ ውሃ ቦዩን ይዞ ወደ ማሳው ቁልቁል ሄደ። ይሄነው ሽመሉን የፈንታው ክንድ ላይ አሳረፈው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። ፈንታው ወደቀ። ይሄነው እዚያ ላይ ቢበቃው ጥሩ ነበር፤ አልበቃውም። ጎኑን ደገመው፣ ሠለሰው። ደስም አለው፤ አምና ሆስፒታል በር ላይ ቁጭ ብሎ የዋጠውን ንዴት ሁሉ ነው ያወረደበት።

ብርሀንነሽ ከማሳው እየሮጠች መጣች። ባሏን አየች፣ ውሃውን አየች፣ ዶማውን አነሳች። ይሄነው ግድቡን ልትደፍን መስሎት መንገድ ለቀቀላት። በዶማው ጀርባ ጉልበቱን አለችው። ሊነሳ ሲል ደገመችው፤ ተዘረረ።

"በዚያ ክንድ ነው የምንበላው፣ ወንድሜ" አለችው እያለቀሰች።

ከዚያ ዶማውን አዙራ አፈር እየቆፈረች የተናደው ላይ መከመር ጀመረች።

"ተዪው፣ ካሮቱ ይጠጣ" ብሎ አቃሰተ ፈንታው።

በጭቃ እጇ በጥፊ አጮለችው። ሁለቱ ወንዶች መሬት ላይ እያቃሰቱ፣ ውሃው መውረዱን እስኪያቆም ድረስ ከመረች። ከታች ካሮቱ በጥማት እንደጠወለገ ነበር።