የቀኙ ኅዳግ

ሐሙስ ጧት እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ አልጋዋን አነጠፈች፣ አንድ ዳቦ በሻይ በላች፣ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች። ያለ መነጽር ከክንዷ የራቀውም የቀረበውም ፊደል አንድ ዓይነት ግራጫ ጭረት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ ከሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል የቤተ መጻሕፍቱን የንባብ ክፍል ከፈተች። ሦስተኛው መስኮት እንደ ልማዱ አልከፈት ሲላት በክርኗ ጎሸም አደረገችው። የዕለቱን ጋዜጦች ቦታ ቦታ አስያዘች፣ የቀን ማኅተሙን አንድ ቀን ወደፊት አዞረች፣ እርሳሶቿን ቀረጸች። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለቱንም ዓመት እንዲህ ኖረችው። «እንዴት ነሽ?» ሲሏት «ደህና» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቃትን ሰው አትወድም።

የሥራ ባልደረቦቿ «ማውጫ» ይሏታል፤ የትኛው ጉዳይ በየትኛው መጽሐፍ በስንተኛው ገጽ እንዳለ በቃሏ ስለምታውቅ። በየወሩ መጀመሪያ በሩ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ትለጥፋለች፦ አንድን አካባቢ ሊጎበኝ የተነሣ ሰው ከመንገዱ በፊት ሊያነብባቸው የሚገቡ አምስት መጻሕፍት። ታሪኩ፣ ኑሮው፣ ቤት አሠራሩ፣ ዘፈኑ፣ መንገደኛ ያየው። ሰዎች ዝርዝሩን እየገለበጡ ሻንጣቸው ውስጥ ይከቱታል።

«ማውጫዬ» አለቻት መዝጋቢዋ፣ ወሬ ስለማያልቅባት «ሬዲዮ» የሚሏት። «ሰሜኑን ጨረስሽ፣ ምሥራቁን ጨረስሽ፣ ሰው የማይደርስበትን በረሃ ሳይቀር አዳረስሽው። ጠረፉን የምትዘይው ምን በድሎሽ ነው? ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ ባሕሩ!»

«ጊዜው ሲደርስ።»

«እሱማ እኔ ጡረታ ስወጣ ሊደርስ ነው።»

ማውጫ ወደ ጋዜጦቿ ዞረች። ጠረፉ የእሷና የባሏ ነበር።

ባሏ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ተማሪዎቹ «ኮምፓስ» ያሉት በሹፈት ነው፤ በገዛ ሰፈሩ መንገድ የሚጠፋበት ሰው ነበርና። ወደ አንድ አገር ከመሄዳቸው በፊት አምስት መጻሕፍት ያነብባሉ፤ ይህን ያስጀመረው እሱ ነው። መጀመሪያ እሱ ያነብባል፣ ጥያቄውን በግራው ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ቀጥሎ እሷ ታነብባለች፣ መልሷን በቀኙ ኅዳግ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ ሄደው ያዩታል። ለቀድሞ ጉዞ ባነበቡት አንድ መጽሐፍ «ይህ ወንዝ በበጋ በእግር ይሻገሩታል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። እሷ ሲመለሱ ከሥሩ ጨመረችበት፦ «ደረቅ ነው። ጫማህን በከንቱ አወለቅህ።»

ለጠረፉ አምስቱንም አንብቦ ጨርሶ ነበር። እሷ ገና በመጀመሪያው አርባ አንደኛ ገጽ ላይ ሳለች አንድ ተራ ማክሰኞ ልቡ ቆመ። አምስተኛው መጽሐፍ ያኔም ከመደርደሪያው ጠፍቶ ነበር። «የሆነ ቦታ አድርጌዋለሁ፣ አይጠፋም» ብሏት ነበር። አራቱ ከአልጋዋ አጠገብ ተደርድረዋል። አልገለጠቻቸውም። ሳታነብባቸው እስከቆየች ድረስ ገና የሚጠይቃት ነገር ነበረው።

አራት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ባሏ ይሠራበት የነበረው ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ በቀብሩ ዕለት ከዘመድ እኩል ስታለቅስ አይታት «ደግ ልጅ ናት» ብላ ነበር።

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? እኔማ አፍሬ ነው እንጂ...» ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጣች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ላምጣው እላለሁ፣ እግሬ እምቢ ይለኛል።»

ማውጫ ጋዜጣውን ፈታችው። አምስተኛው መጽሐፍ ነበር። መሐሉ ላይ ገለጥ አደረገችው። በግራው የባሏ እርሳስ፣ በቀኙ አረንጓዴ ቀለም፤ ክብ ክብ ያለ፣ ደስ ያለው ሰው ጽሑፍ። ዓይኗ በአንዱ ላይ አረፈ፦ «አይዋሹ፣ ኮምፓስ!»

ዘጋችው።

እሷ ኮምፓስ ብላው አታውቅም።

«እዚያው ጠረፉ ላይ አይደል ያደግሁት» አለች አስተማሪዋ። «ሲጠይቁኝ እኔም እመልስ ነበር። ደግሞኮ ነገሩ ለእርስዎ—»

«ይዘውት ስለመጡ አመሰግናለሁ።»

«ኧረ አንቺ ይበሉኝ፣ ታናሽዎ ነኝ።»

«ሌላ የፈለጉት ነገር አለ?»

አስተማሪዋ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘች። «ቅዳሜ ልጄን ይዤ ልሄድ ነው። ከዓሥር ዓመት በኋላ መሄዴ ነው። ልጄ ደግሞ ጥያቄ አያልቅባትም፤ ይህን ማን ሠራው፣ ይህ ለምን ተሠራ ትለኛለች፣ አፌን ይዤ እቀራለሁ። የተወለድኩበት አገር እኮ ነው! እሳቸው አራቱንም አንብቢያቸው፣ አውስሻለሁ ብለውኝ ነበር። እና...»

ሬዲዮ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንገቷን አስግጋለች። «ታድለሽ! ማውጫ ካላት ምን ቸገረሽ? መጽሐፍ ማዋስ ሥራችን ነው» አለች።

ሁለቱም ያዩዋታል። አልሰጥም ብትል፣ ለምን? የሚለው ይመጣል። ለምን የሚለውን ደግሞ ለሬዲዮ ከመንገር ምላሷን ብትቆርጥ ይቀላታል።

«ነገ ይምጡ» አለች።

ቀኑን ሙሉ ማኅተሟን ስትመታ ረቡዕ ረቡዕ ባሏ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ይገባ እንደነበር ትዝ አላት። «ስብሰባ» ይል ነበር። የትኛው ትምህርት ቤት ነው በየሳምንቱ የሚሰበሰበው? በመምህራን ማረፊያው ክፍል፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ጥግ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ መጽሐፍ ላይ ሲያጎነብሱ አየቻቸው። ሲስቁም ሰማቻቸው። ሌላ ነገር ሠርተው ይሆን የሚለው ሐሳብ መጣ፤ እሱስ አለፈ። አላልፍ ያላት ቀኙ ኅዳግ ነው። እሱ የእሷ ነበር። ያቺ ሴት ቤቷ ገብታ በወንበሯ የተቀመጠችባት ያህል አንገበገባት።

አምስተኛውን መጽሐፍ በመሥሪያ ቤት መሳቢያዋ ቆልፋ፣ አንድ ላጲስ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

ቤት የደረሰችው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፀሐይ ገና መስኮቱ ላይ ነበረች። ጋዜጣ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አራቱን መጻሕፍት ከአልጋው አጠገብ አንሥታ አመጣች። የመጀመሪያውን ገልጣ የእሱን ጥያቄና የራሷን መልስ አየች፦ «በዚህ ወደብ ጨው ወጥቶ ምን ይገባ ነበር?» «ጨርቅና መስታወት። ገጽ ስድስትን ዘልለሃል።» ፈገግ ልትል አለች። ይህን ያቺ ሴት ታነብበዋለች። ከአርባ አንድ በኋላ ያለውን ባዶ ቀኝ ኅዳግ ታገኘዋለች። አረንጓዴ እስክሪብቶዋን ታወጣለች።

መነጽሯን አወለቀች።

ጥያቄዎቹ ግራጫ ጭረት ሆኑ፤ እንዳይነበቡ እንጂ እንዳይታዩ አልሆኑም። ግራ ግራውን እየተከተለች አጠፋች። የራሷንም አጠፋች። ገጽ ስትገልጥ፣ ስታሽ፣ ፍርፋሪውን እፍ ስትል፣ ፀሐይዋ ከጠረጴዛው ወርዳ ወለሉ ላይ ደረሰች። የባሏ እጅ ቀላል ነበር፤ እርሳሱን በወረቀት ላይ አይጫንም፣ ስለዚህ ጠባሳ እንኳ አልተወም። አራተኛውን ስትዘጋ ክንዷ ዝሎ ነበር፣ ልቧ ግን ቀለል ብሏት ነበር። ይህን አልካደችም።

ዓርብ ጧት አስተማሪዋ ሬዲዮ ሳትገባ መጣች። አራቱን መጻሕፍት አንድ በአንድ ገለጠች፣ ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ጥያቄ የለባቸውም?»

«የለባቸውም።»

«የሚገርም ነው። ኮምፓስ ያለ ጥያቄ መጽሐፍ ያነብባሉ ብዬ አልገምትም ነበር።» መጻሕፍቱን አቅፋ ትንሽ ቆመች። «ያንንስ አዩት? ያመጣሁትን?»

«ጊዜ አላገኘሁም።»

«ይዩት እትዬ፣ እባክዎ። የእርስዎ ነው እኮ።»

ሄደች። ማውጫ መሳቢያዋን ከፈተች። ብዙ ልብ አልነበራትም፤ ጠላትን ፊት ለፊት ማየት ይሻላል ብላ ነው። መነጽሯን አስተካክላ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች።

በግራው፦ «ወደ ድሮው ምሽግ የሚያስወጣው ደረጃ ስንት ነው? ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል፣ አትናገርም እንጂ።»

በቀኙ፣ በአረንጓዴ፦ «ሁለት መቶ አሥራ አራት። በጀርባ በኩል የጋሪ መንገድ አለ፣ በዚያ ያውጧት።»

ገለጠች።

«ነፋስ አትወድም። ባሕሩ የሚረጋው በየትኛው ወር ነው?»

«ከዝናብ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት።»

ገለጠች።

«ሁሉንም አንብባ ነው የምትሄደው፣ ምን አሳያታለሁ? መጽሐፍ ውስጥ የሌለ አንድ ቦታ ንገሪኝ።»

«ከዓሣ ገበያው ጀርባ የአያቴ ቤት አለ። ከሰገነቱ ጀልባዎቹ ሲመለሱ ይታያሉ። ቁልፉን እሰጥዎታለሁ፤ እንዳይነግሯት።»

«እንዴት እንደሚደረስ ንገሪኝ እንጂ። እኔ እንደሆንኩ መንገድ አይጠፋኝም።»

«አይዋሹ፣ ኮምፓስ!»

ሬዲዮ ገብታ ኮቷን ስትሰቅል አየቻት። «ምነው፣ ፊትሽ?»

«አቧራ ነው።»

«አቧራውን የምትወለውዪው ራስሽ ነሽ እኮ!»

«እንግዲያው በደንብ አልወለወልኩትም።»

ሰኞ የጠረፉን ዝርዝር ለጠፈችው። ሬዲዮ ሰሌዳው ፊት ቆማ አምስቱንም ጮክ ብላ አነበበችና «ጊዜው ደረሰ?» አለቻት። «ደረሰ» አለች ማውጫ።

አስተማሪዋ በሦስተኛው ሳምንት አራቱን መጻሕፍት ይዛ መጣች፤ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሽፋኑ ሥር፣ አንድ ቁልፍ በክር ታስሮ ነበር። ማውጫ «አንቺ፣ ቆዪ፣ ተቀመጪ» አለቻት እንጂ ስለ ቁልፉ አልጠየቀችም። ስለ ላጲሱም አልነገረቻትም።

አምስቱ መጻሕፍት አሁን ከአልጋዋ አጠገብ አብረው ናቸው። በአምስተኛው ውስጥ የባሏ ጥያቄዎች አሉ፤ የተጠየቀችው ግን ሌላ ሰው ናት። እሷ የተጠየቀቻቸው በአራቱ ውስጥ ነበሩ። ከአርባ አንደኛው ገጽ ወዲያ ምን እንደጠየቃት አታውቅም፤ ስንት ጥያቄ እንደነበረም አልቆጠረችም። አሁን የሉም።