ጭቃ የሚተፋ ጎማ

ነጋዴው ምኞት ስለ ጎማ የሚያስረዳው ለእመት ይርገዱ ልጅ ለውበቱ ነበር፤ ትራክተሯ ግን የእሳቸው ናት። ጎማ ሊገዙ ወረታ ከተማ ከገቡ ጀምሮ እሳቸውን ከቁም ነገር የቆጠረ ሰው የለም። ትንሿን ትራክተር የገዙት ከሜዳቸው ሣር፣ ከባሕር ዛፋቸው ግንድ እንድታወጣላቸው ነው፤ አምና ግን ዋልካ ጭቃ ውስጥ ሰጥማ ጎረቤት በበሬ ሲጎትታት አገር ስቆባቸዋል።

«ይኸን ውሰድ» አለ ምኞት፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለውን ጎማ እያንኳኳ። «ጥርስ ሲበዛ መሬት ይቆነጥጣል።»

«አንተ ዋልካ ረግጠህ ታውቃለህ?» አሉት እመት ይርገዱ።

«እማማ፣ ይኼ የቴክኒክ ነገር ነው። ልጅዎ ይገባዋል።»

«እሱማ ሁለቱንም ጫማውን ጭቃ ውስጥ ጥሎ የመጣ ነው።»

ውበቱ ወደ እግሩ አየ። እሳቸው ከነጠላቸው ሥር ፌስታል አወጡ፤ የሜዳቸው ጭቃ ነበር። ግማሹን ጥቅጥቁ ጎማ ላይ፣ ግማሹን ጥርሱ የተራራቀው ላይ ለጠፉና ልጃቸውን «ጎማዎቹን አንከባልል» አሉት። ጥቅጥቁ እንደ ተመረገ ግድግዳ ለስልሶ ዞረ። ሌላው ጭቃውን እየተፋ ሄዶ የምኞትን ነጭ ሱሪ አዥጎረጎረው።

«የበሬ ኮቴ የተሰነጠቀው ጭቃ እንዲለቅ ነው» አሉ። «አንተ ለትራክተሬ ድፍን የበቅሎ ኮቴ ልታደርግላት ነበር።»

«ይኼኛው እኮ ሣሩን ይቆፍራል፣ እማማ።»

«ሣሩ መልሶ ይበቅላል። እኔ ግን ሁለተኛ አይሳቅብኝም።»

ጭቃ የለበሱ እጆቻቸውን ዘረጉለት።

«በል ውኃ አምጣና አስታጥበኝ። ልጄን እንዳትልከው፤ አንተው።»