የጭልፊቷ ጫጩቶች ጥላ

ሐሙስ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። ፎቶ አንሺዋ ከሸራ በተሠራው መሸሸጊያዋ ውስጥ ጉልበቷን አጥፋ፣ ዐይኗን ከካሜራው ሳትነቅል ተቀምጣለች። ወገቧ ከከዳት ሰንብቷል። የምትፈልገው አንድ ምስል ብቻ ነው፤ ጭልፊቷ ያደነችውን ለጫጩቶቿ ስታመጣ፣ ያውም በፀሐይ ብርሃን ብቻ። ምስሉን ልትልክለት ያሰበችው የፎቶ ዐውደ ርእይ ሥራ የሚቀበለው እስከ ዛሬ ማታ ነው። ጎጆው ላይ የተንዠረገገው ቅርንጫፍ ግን የጧቱን ብርሃን ሁሉ ይውጠዋል።

ከኋላዋ ታላቅ ወንድሟ ያዛጋል። የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ከሌሊት ፈረቃው ወጥቶ፣ ዐይኑን ሳይከድን በመኪናው ያመጣት እሱ ነው።

«እኔ ከተማ ሳበራ አድሬ፣ እህቴ ብርሃን አጣሁ ትበል? አንድ አምፖል ልስቀልልሽ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ያኔ የአምፖልህ ፎቶ ነው የሚሆነው።»

«እሺ፣ ቅርንጫፉን ልቁረጠው።»

«ጫጩቶቹ ገና ላባ አላወጡም። ፀሐይ ይፈጃቸዋል።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ለወፍ ልጅ ስትሳሺ የእናትሽን ልጅ ጨረስሽው!» ብሎ እያጉረመረመ ወጣ።

እሷንም ድካም ጣላት፤ እንደተቀመጠች ሸለብ አደረጋት። ስትባንን ወንድሟ ተመልሶ አጠገቧ ጋደም ብሏል፤ ጎጆው በወርቃማ ብርሃን ተጥለቅልቋል። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነው ብላ ስታስብ፣ ጭልፊቷ እንሽላሊት በጥፍሯ አንጠልጥላ ከች አለች። ካሜራው ተንጣጣ። ምስሉ የተመኘችው ራሱ ነበር።

ጥራቱን ልታረጋግጥ ስታጎላው ከዳር ቀጭን ሽቦ ታየ። ቅርንጫፉ ከአጠገቡ ካለው ዛፍ ጋር ተወጥሮ ታስሯል።

«ምን አደረግክ?»

«መቼ ቆረጥኩት? ጎተት አደረግኩት እንጂ» አለ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ። «ላኪውና እንረፍ። ማን ያየዋል?»

መልሳ በሌንሱ አየች። ጭልፊቷ እንሽላሊቱን እግሯ ሥር ጥላዋለች። ማብላቱን ትታ፣ አፏን ከፍታ እያለከለከች፣ ክንፎቿን በጫጩቶቿ ላይ ዘርግታ ፀሐዩን ትከላከላለች።

ፎቶ አንሺዋ ምስሉን አጠፋችው። ሽቦው የታሰረበት ግን ከፍ ያለ ነው፤ የመብራት ምሰሶ በሚወጣበት ቀበቶው እዚያ የሚደርስ ወንድሟ ብቻ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ተነሥና ፍታው።»

ትከሻውን ነቀነቀችው። የሥራ ጓንቱ ከእጁ አልወለቀም፤ አፉ በትንሹ ተከፍቶ ያንኮራፋል።

«ወንድም ጋሼ፣ እባክህ።»