ለበረንዳዋ ክፍል የተደረገ እሽቅድምድም

ታላቅ ወንድማቸው አግብቶ በወጣ ማግስት፣ በረንዳ ያላት ክፍሉ ሁለት ባለቤት አገኘች። ፋርማሲስቱ መካከለኛ ልጅ «በዕድሜ እበልጣለሁ» አለ። ነርሷ ታናሽ እህቱ ደግሞ «ሌሊት ሠርቼ ቀን የምተኛው እኔ ነኝ» አለች። ሲነታረኩ ከረሙና፣ በልጅነታቸው ጠባቸውን ሁሉ በሚዳኙበት የመኪና እሽቅድምድም ጌም እንዲለይላቸው ተስማሙ። የጌም ማጫወቻው ከሞተ ቆይቷል። እሱ ግን ማጫወቻውን አስመስሎ ጌሙን በኮምፒውተር የሚያስኬድ ፕሮግራም ጫነ፤ «ኢሙሌተር ይባላል» ብሎም ደረቱን ነፋ።

አበሳው ከዚያ ጀመረ። መኪኖቹ ተነሡ፣ ጥቂት ሄዱ፣ ከዚያ ጭቃ ውስጥ እንደገቡ ሁሉ መንፏቀቅ ያዙ። ሞተራቸው ጥርሱን እንደታመመ ሰው ያቃስታል። ኢንተርኔት ላይ ጠየቀ። አንዱ የምስሉን ጥራት ቀንስ አለው፤ ቢቀንስ ቀዩ መኪና አልቆ የተጣለ ሳሙና መሰለ። ሌላው የግራፊክስ ሴቲንጉን ቀይር አለው፤ ቢቀይር መንገዱ ጠፍቶ መኪናው በሰማይ ሄደ፣ እሱንም እየተንቀረፈፈ። ሦስተኛው «ኮምፒውተርህን ጣለው» አለው። ይህኛውን ምክር ሊቀበል ምንም አልቀረውም።

እንዲያም ሆኖ ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ይቀመጥና «ለሙከራ ነው» እያለ ይነዳል። ኩርባውን ሁሉ እጁ ለመደው። በዝግታ በመንዳትማ የሚያህለው ጠፋ።

«ወንድሜ፣ ይሄ እሽቅድምድም ነው ወይስ የቀብር ሽኝት?» አለች ነርሷ ከኋላው ቆማ።

«እንዲሁ እንጫወተው። የሚንቀረፈፈው ለሁለታችንም እኩል ነው።»

«አሃ! ስትለማመድበት ከርመህ? በልኩ ሲሮጥ ጥራኝ። እስከዚያው ፍራሼን ወደ ክፍሏ ላስገባ።»

«ፍራሹን ንክች እንዳታደርጊው!»

ጠረጴዛውን በቡጢ ሲነርተው እናታቸው ብቅ አሉ። በእሳቸው ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም። የኮምፒውተሩም ሳጥን ወፍራም ዳንቴል እስከ ወገቡ ለብሷል። ተንሸራቶ ስላዩት ሊያስተካክሉ እጃቸውን ሰደዱና ወዲያው ሰበሰቡት።

«ውይ! ልጄ፣ ይሄ ነገር ትኩሳት አለው!»

ነርሷ ዳንቴሉን ገለጠችው። ከሥሩ ማራገቢያው ታፍኖ ያጓራል። ለካ ኮምፒውተሩ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንስ ኖሯል። ፋርማሲስቱ ጨርቁን በየቀኑ አይቶታል፤ ግን የእናቱን ዳንቴል ማን ብልሽት ብሎ ይጠረጥራል?

«ትኩሳት ለያዘው ብርድ ልብስ የሚደርብ ፋርማሲስት!» ብላ እህቱ በሳቅ ፈረሰች።

«ለአቧራው ብዬ ነው» አሉ እናት ቅር ብሏቸው።

ዳንቴሉ ተነሣ፣ ሴቲንጉ ወደነበረበት ተመለሰ፣ ሳጥኑም በረድ አለ። ውድድሩ ሲጀመር መኪኖቹ ተፈተለኩ። ፋርማሲስቱም ከመጀመሪያው ኩርባ ጋር ተላተመ። እጁ የሚያውቀው ቀርፋፋውን መንገድ ነዋ! ጠብቆ ሲያዞር ኩርባው አልፎታል። ከግድግዳው ሲላቀቅ ዛፍ ተቀበለው። እህቱ ጨርሳ ጆይስቲኩን አስቀምጣ ስትነሣ እሱ ገና ከዛፉ ጋር ይታገላል።

«አንዴ እንድገመው!»

«እንቅልፌ መጥቷል።»

«እዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ እኮ! ስንት ቀን ስለፋበት!»

«እግዜር ይስጥልኝ። በል ፍራሹን በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

እየተነጫነጨ ያዘላት። ፍራሹ በሩ ላይ ተቀረቀረ። ይሄ እንኳ ሴቲንግ የለውም ብሎ፣ የከረመ ንዴቱን ሁሉ በትከሻው አሳረፈበት፤ ፍራሹም ወደ እህቱ ክፍል ዘው አለ።